በሕይወት ሳለች ከሙታን የተቈጠረችው የወለተ ሰንበት ነገር

«ንብ የሚቈጥር ማር አያውቅም» ይሉ ነበር የዘርጋው አባት፣ ንብ አናቢው አቶ ውብነህ፤ ይህንም ቃል ቀፎ ሲያጥኑም፣ ከዛፍ ጥላ ሥር ሲያርፉም፣ በኋላም በሞት አልጋ ላይ ተጋድመው ሳሉ አልታከቱበትም። አንባቢ ሆይ፣ ነገሩ የባላገር ጨዋታ ይመስላል፤ ነገር ግን ሊቃውንት ብዙ ዘመን የደከሙበት ምሥጢር በውስጡ ተሸሽጎ ይገኛል። የአዳም ልጅ ከጥንት ጀምሮ በሁለት ረኃብ ይሠቃያልና፤ አንደኛው የሆድ ነው፣ ሁለተኛው የማወቅ ነው። የሆድ ረኃብ ቢበላ ይጠግባል፣ ቢጠግብም ያንቀላፋል፤ የማወቅ ረኃብ ግን በበላ መጠን ይብስበታል፣ በባሰበትም መጠን ያገኘውን ሁሉ ይሰበስባል፣ የሰበሰበውንም ይከምራል፤ ክምሩ ተራራ ባከለ ጊዜም «እነሆ አወቅሁ» ብሎ ይመጻደቃል። ጎተራ እስከ አፉ ቢሞላ፣ እህሉን የያዘው ጎተራ ራሱ ጠግቦ እንደማያድር ልብ የሚል ግን ከብዙ አንድ ነው።

በዋርካ ሜዳ ከተማ፣ ከወረዳው ጽሕፈት ቤት በስተኋላ፣ መስኮት የሌለው፣ ነጭ ኖራ የተቀባ፣ በጋው ከክረምቱ የማይለይበት አንድ ቀዝቃዛ ቤት ነበረ፤ ስሙም የመረጃ ማዕከል ይባላል። በውስጡ ከሰው ቁመት የረዘሙ ስምንት ጥቁር ቁም ሣጥኖች እንደ ማኅበረ መነኮሳት ተሰልፈው ቀንም ሌሊትም ሳያርፉ ያጕረመርማሉ፤ በሆዳቸውም የአርባ ስድስት ቀበሌ ሕዝብ ስም ከነዕድሜው፣ ከነደዌው፣ ከነመሬቱ፣ ከነስልኩ ተከትቶ ይኖራል። የዚህ ቤት ዘበኛ ዘርጋው ውብነህ ነበረ፤ ስድሳ ሊሞላው ሁለት ዓመት የቀረው፣ ረጅምና ቀጭን፣ ፊደል ቈጥሮ ጸሎት ከመድገም ያላለፈ፣ ነገር ግን ቢናገር በቀጥታ የሚናገር፣ ቢጸልይ በእንባ የሚጸልይ ሰው። ቁልፉን በወገቡ ታጥቆ፣ መቍጠሪያውን በእጁ ይዞ ከበሩ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ይውላል። የቁም ሣጥኖቹንም ጕርምርምታ ማኅሌት ይለው ነበር። «እነሱም ስም ይደግማሉ፣ እኔም ስም እደግማለሁ፤ ልዩነታችን፣ እነሱ ለማን እንደሚደግሙ አያውቁም» እያለ ቁም ሣጥኖቹን ከምትጠግነው ወጣት መሐንዲስ ጋር ይጫወታል።

ሚስቱ ምትኬ ትባላለች። ከእርሷ በፊት የተወለደች እኅቷ በኩፍኝ ሞታ ነበርና፣ እናቷ ስለ ሙቷ ምትክ ብላ ይህን ስም አወጣችላት። ሦስት ልጆች ወልደው፣ አሳድገው፣ ድረው፣ አሁን ሁለቱ ብቻቸውን ቀርተዋል። በቤታቸው አንድ ሥርዓት ነበረ፤ ይኸውም ዘርጋው ከሥራ ሲመለስ ገና ከአጥሩ በር ሳለ «ምትኬ!» ብሎ ይጣራል፣ እርሷም ጓዳ ትሁን ጓሮ «አቤት!» ትላለች፤ ይህም በሠላሳ አንድ ዓመት ትዳር ውስጥ አንድ ቀን ተቋርጦ አያውቅም፤ ቢጣሉ እንኳ እርሱ ተቈጥቶ ይጣራል፣ እርሷም አኵርፋ አቤት ትላለች። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ግን በአንገቷ ላይ እንቅርት ወጣባት፤ በመጀመሪያ «አንተ ሰው፣ ያንገት ጌጥ ገዝተህልኝ አታውቅም፤ እግዜር አይቶ ራሱ አሠራልኝ» እያለች ትስቅበት ነበር፤ በኋላ ግን እያደገ ወደ ውስጥ ወረደና ድምፅዋን አቀጠነው፣ እንቅልፏንም ተቀምጦ ማደር አደረገው። የጤና ጣቢያው ሐኪም በመስከረም መርምሮ «የአየር ቧንቧዋን ተጭኗል፤ ተቀድዶ ካልወጣ አንድ ቀን ያንቃታል» አለ። ለዚህ የሚበቁ ቀዳጅ ሐኪሞች ከሩቅ መጥተው በዞኑ ሆስፒታል እስከ ኅዳር ስድስት ብቻ ይቀመጣሉ፤ ከዚያ ወዲያ መቼ እንደሚመለሱ የሚያውቅ የለም። ሐኪሙም ስሟን በካርዷ ቍጥር ከሆስፒታሉ ተራ አስገባላትና «ቀኑ በስልክ ይደርሳችኋል፤ የሪፈር ወረቀቱን ግን ይዛችሁ ቅረቡ» ብሎ አሰናበታቸው። የሪፈር ወረቀቱን የሚሰጠው ሰው አልነበረም፤ ያ ቀዝቃዛ ቤት ነበር እንጂ።

የመከራው ሥር ግን ከዚህ አንድ ዓመት ቀድሞ በዘርጋው በራሱ እጅ ተተክሎ ነበር። የጤና መድን ምዝገባ በታወጀ ጊዜ ለፋፊው «ታላቅ ታናሽ ሳይል ማንም የማይቀርበት፣ ያልተጻፈ የሚያዝንበት መዝገብ!» እያለ መንደር ለመንደር ዞረ፤ ዘርጋውም ይህን በሰማ ጊዜ ልቡ ራደ፤ ማንም የማይቀርበት ሌላ መዝገብ በጸሎቱ ያውቅ ነበርና፣ እርሱም በመጨረሻው ቀን የሚገለጠው ነው። እርሱ ራሱ በመሥሪያ ቤቱ ዝርዝር ላይ ዘርጋው ተብሎ አስቀድሞ ስለ ተከተበ የሚለወጥለት ነገር አልነበረም። ምትኬ ግን ገና አልተጻፈችም፤ በዚያም ቀን ለቅሶ ለመድረስ ሄዳ ስለ ነበር ስለ እርሷ እርሱ ቀረበ። ከድንኳኑ ሥር የተቀመጠው መዝጋቢ ማስቲካ እያኘከ «የባለቤትዎ ስም?» ባለው ጊዜ፣ ዘርጋው በልቡ «ምትኬ ማለት የሟች እኅቷ ጥላ ነው፤ እንዲህ ካለ ታላቅ መዝገብ ላይስ ቄስ ያወጣላት፣ እግዚአብሔር የሚያውቃት፣ በኋለኛው ቀን የምትጠራበት የክርስትና ስሟ ይጻፍላት» ብሎ ቈረጠ። እንደምታውቀው፣ አንባቢ ሆይ፣ የክርስትና ስም በየአደባባዩ አይነሣም፤ ክፉ ሰው ሰምቶ መተት እንዳይሠራበት ይፈራልና ከነፍስ አባት ጋር ተሸሽጎ ይኖራል፤ ጎረቤት ሁሉ እየሰማ ከፍ ብሎ የሚጠራው፣ ካህናት በአስከሬኑ ላይ ፍትሐት ሲያደርሱ ነው። ስለዚህ ዘርጋው ጐንበስ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ጮክ ይበሉ እንጂ፣ አባባ!» አለው መዝጋቢው። «ጮክ አይባልም፤ ጆሮህን አምጣ» አለው ዘርጋው። «ምነው፣ የባንክ የምሥጢር ቍጥር ነው እንዴ?» ብሎ ሳቀና ጆሮውን ሰጠው። ዘርጋውም አፉን በነጠላው ጫፍ ሸፍኖ «ወለተ ሰንበት» አለ፤ የአባቷን ስም ቢጠይቀውም የአባቷን የክርስትና ስም «ወልደ ገብርኤል» ብሎ ነገረው። እንዲህም ሆኖ በሕያዋን መዝገብ ላይ አንዲት ሕያዊት ሙታን በሚጻፉበት ስም ተጻፈች፤ ባሏም ታላቅ ስጦታ የሰጣት መስሎት ደስ እያለው ወደ ቤቱ ገባ።

በዓመቱ «በሞቱ ሰዎች ካርድ መድኃኒት ይወሰዳል» የሚል አቤቱታ በዛና፣ በወረዳው ያሉ አድባራት የቀብር መዝገብ ሁሉ ወደ ቀዝቃዛው ቤት ገብቶ ከሕያዋን መዝገብ ጋር ይመሳከር ዘንድ ታዘዘ። የደብር ጸሐፊዎች የተቀበረውን ሁሉ በክርስትና ስሙ ይጽፉ ነበርና፣ ቁም ሣጥኖቹ ሃያ ሺህ የሙታን ስም በሦስት ቀን አነበቡ፤ አነበቡ ማለት ግን ዐዘኑ ማለት አይደለም፤ አንድ ስም ሲነበብ የሚያለቅስ ቤት እንዳለ አላወቁምና። በጥቅምት መባቻ ባልና ሚስት ወረቀቱን ሊቀበሉ ወደ ጤና ጣቢያው ቢሄዱ፣ ከመስኮቱ ኋላ የተቀመጠችው ጸሐፊ ካርዱን አይታ፣ ማያውን አይታ፣ ደግሞ ካርዱን አይታ «የዚህ ካርድ ባለቤት ሞታለች» አለች። «አለሁ እኮ፣ የኔ ልጅ» አለች ምትኬ በቀጭን ድምፅዋ። «እርስዎ እንዳሉማ አያለሁ፣ እማማ፤ ካርድዎ ነው የሌለው» ብላ መለሰችላት፤ በክፋት አይደለም፣ እንዲያውም ወንበር አቀረበችላት። ወሬው ከእነርሱ ቀድሞ ሰፈር ገባ። የእድሩ ዳኛ ከበር ላይ «ዘርጋው፣ ድንኳኑን እንትከል ወይስ ሟቿ ራሷ ትትከለው?» ብሎ ቢቀልድ፣ ምትኬ ከውስጥ «ንፍሮውን ብቻ አብዝታችሁ ቀቅሉ፤ በገዛ ለቅሶዬ ጾሜን አልውልም!» አለችና ሰውን ሁሉ አሳቀችው፤ ከሳቁ በኋላ ግን ትንፋሿን ለመመለስ ግድግዳውን ይዛ ብዙ ቆመች።

ኅሪት የምትባለው የመረጃው ቤት መሐንዲስ የቁም ሣጥኖቹን ጠባይ የምታውቅ፣ ዘርጋውንም እንደ አባት የምታከብር ወጣት ነበረች። በማግሥቱ ጠዋት ዘርጋው ቆቡን አውልቆ ከፊቷ ቆመና «ልጄ፣ በዚህ በምጠብቀው ቤት የሞተ ሰው ይነሣል ወይ?» አላት። ነገሩን ከሰማች በኋላ ማያዋን ከፍታ ስታይ ፊቷ ተለዋወጠ። «ጋሼ፣ መሣሪያው በክፋት አላደረገውም፤ ክፋትም ደግነትም አያውቅም። ያስተማርነው በብዛት ነው። ከዚያ ሁሉ ስም ውስጥ ወለተ ተብላ የተጻፈችን ሴት ሁሉ ከሙታን ወገን ሆና አገኛት፤ ከሕያዋን ወገን የእርስዎ ባለቤት ብቻ ናት። ደግሞም ባለፈው ሐምሌ በደረቅ ወይራ ደብር የተቀበረች፣ በስምም በአባትም በዕድሜም የምትመስላት ሌላ ወለተ ሰንበት አለች። ከመቶ ዘጠና ስምንት እጅ እርሷ ናት ብሎ አንድ አደረጋቸው» አለችው። ዘርጋውም «ሁለቱስ እጅ?» አለ። «ሁለቱን እጅ መሣሪያው አይመለከታቸውም።» «እንግዲያስ ምትኬ እዚያች ሁለት ውስጥ ናት። ንገሪው።» «አይነገረውም፣ ጋሼ፤ ብዙ ሲያይ ነው የሚማረው። አንዲት ሴት ብቻ ብናሳየው ግድፈት ናት ብሎ ይጥላታል።» «ማለት፣ በሬ ሁሉ ቀንድ አለው ብሎ የተማረ ሰው፣ ቀንድ የሌለውን ጎዳ ሲያይ በሬ አይደለህም ብሎ ከቀንበር ይፈታዋል?» «እንዲያውም አልተወለድህም ይለዋል» አለችና ሳታስበው ሳቀች፤ ሳቋም ወዲያው በዓይኗ እንባ ሆነ።

ኅሪት ግን ከማዘን አልፋ እጇን ዘረጋች፤ ከሥልጣኗም አልፋ ሞት የሚለውን ምልክት ፍቃ ሕይወት የሚለውን አኖረች። ወረቀቱ የሚወጣው ቁም ሣጥኖቹ በየሌሊቱ እርስ በርስ ከተመሳከሩ በኋላ ነበርና እስኪነጋ ጠበቁ፤ ቢነጋ ምትኬ ደግሞ ሞታ ተገኘች። ሁለተኛ አስነሣቻት፤ ሁለተኛ ሞተች። ሦስተኛ አስነሣቻት፤ በሦስተኛው ቀን ከሞቷ ጋር ለኅሪት የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ መጣ። ከዚያ ወዲያ ዘርጋው ወደ ሹማምንቱ ዞረ። የወረዳው ኃላፊ ቅን ሰው ነበርና አስቀምጦ ሰማው፤ «አምንሃለሁ፤ ነገር ግን እኔ የማምነውን መዝገቡ አያምንም፤ ዞኑ ይዘዝ» አለው። የዞኑ ሹም «መዝገቡ ከምንጩ የወሰደውን እኛ ከላይ አንሽረውም፤ ከምንጩ ይታረም» አለ። ምንጩ ማለትም የደረቅ ወይራ ደብር ጸሐፊ በስልክ ቢጠየቅ «ወለተ ሰንበትን ቀብረናል፤ በእግዚአብሔር ቤት የተጻፈ ቀብር እንዴት እንፍቃለን?» አለ። ልብ በል፣ አንባቢ ሆይ፤ ከእነዚህ ሰዎች መካከል ውሸት የተናገረ አንድ ስንኳ የለም፤ የወረዳው እውነት ተናገረ፣ የዞኑ እውነት ተናገረ፣ ደብሩም እውነት ተናገረ፤ ከእውነቶቹም ሁሉ ጋብቻ አንዲት ሐሰት ተወለደች፣ አባቷም ማን እንደ ሆነ የሚያውቅ ጠፋ። ዘርጋውም ቁልፉን በወገቡ ታጥቆ፣ ሚስቱ ሞታ የምትኖርበትን ቤት በር ይጠብቅ ነበር፤ የመክፈቻው ጌታ ሲሆን ከውስጡ አንዲት ፊደል ማንቀሳቀስ አልተቻለውም።

ጭንቅ ቢጠናበት መሪጌታ ጽጌ ወደሚባሉት የቅኔ መምህር ሄደ፤ እርሳቸውም ዓይናቸው የደከመ፣ አንደበታቸው ግን ያልደከመ ሽማግሌ ነበሩ። «የኔታ፣ ጥፋቱ የኔ ነው፤ የክብር ስሟን አሳልፌ ሰጠሁ። ነገር ግን ስሟን የያዘ እርሷን ይዟልን?» ብሎ ጠየቃቸው። መሪጌታም በትራቸውን በመሬት ላይ አኑረው እንዲህ አሉት፦ «ሰው በአካሉ ይቆማል፣ በስሙ ይጠራል፣ በግብሩም ይታወቃል። ያ የምትጠብቀው ቤት ስምን ሰብስቧል፣ ግብርንም ለቅሟል፤ ምን እንደ ታመምን፣ የት እንዳረስን፣ ከማን ጋር እንደ ተነጋገርን ያውቃል። አካልን ግን ከቶ አላየም። አካል የተለየው ስም ባለቤቱ እንደ ጠፋ በቅሎ ነው፤ ያገኘው ሁሉ የራሱን ጭነት ይጭነዋል። ደግሞም መመሳሰልን አንድነት ብሎታል፤ ልጄ፣ ሁለት እንቍላል ቢመሳሰሉ አንዱ ሲሰበር የሁለተኛው አይፈስስም።» ዘርጋው ይህን ቃል እንዳይረሳው በመንገድ እየደጋገመ መጥቶ ለኅሪት ነገራት። እርሷም ቅጹን ከላይ እስከ ታች ካየች በኋላ «የኔታ ያሉት ሁሉ እውነት ነው፣ ጋሼ፤ ነገር ግን በቅጹ ላይ አካል የሚሞላበት ቦታ የለም» አለችው። አባቱ ስለ ንብ የተናገሩት በዚያች ሰዓት ትዝ አለው፤ የማሩን ጣዕም የሚያውቅ ምላስ ግን በዚያ ሁሉ ቀፎ ውስጥ አልነበረም።

ከዚህ በኋላ በቤቱ አንድ ነገር ተለወጠ። ዘርጋው ከሥራ ሲመለስ ከአጥሩ በር ላይ መጣራት ተወ፤ አቤት ለማለት የምታወጣት ትንፋሽ ከቀረላት ትንፋሽ የምትጐድል መስሎት ራርቶላት ነበርና፤ በሩን ቀስ ብሎ ይከፍታል፣ ጫማውን ያወልቃል፣ እንደ ሌባ ወይም እንደ ለቀስተኛ ዝም ብሎ ይገባል። ምትኬ ሦስት ቀን ታገሠችው፤ በአራተኛው ቀን በትራስ ተደግፋ ተቀምጣ ሳለ «አንተ ሰው» አለችው። «እ» አላት። «በር ላይ ስጠብቅህ ነው የምውለው። መዝገቡስ አያውቀኝም፤ አንተም ቀበርኸኝ?» አለችው። ዘርጋው የራራበትን ምክንያት ቢናገር ሞቷን መናገር ሆነበት፣ ባይናገር ደግሞ ዝምታው ራሱ መርዶ ሆነ፤ እግሯን ሊያጥብ ውኃ ፍለጋ ተነሣ። በማግሥቱም እንደ ገና ሳይጣራ ገባ። የስልኩንም ድምፅ ከፍ አድርጎ በደረት ኪሱ ይዞ ይዞር ነበር፤ የተራው ቀን ግን አልመጣም።

ኅዳር በገባ በአራተኛው ቀን ኃላፊው አስጠርቶ አንድ መንገድ ሰጠው፤ ይኸውም በደረቅ ወይራ የተቀበረችው ሴት ባል «የተቀበረችው የእኔ ሚስት ናት፣ የዘርጋው ሚስት አይደለችም» ብሎ በአውራ ጣቱ ቢፈርም፣ ደብሩም ቢያትምበት፣ ሁለቱን ለመለየት ለዞኑ ይጻፋል። ዘርጋው በአምስተኛው ቀን ጎሕ ሲቀድ በእህል ጫኝ አይሱዙ ላይ ተሳፈረ፤ መኪናው ከሚቆምበትም ቍልቍለቱን በእግሩ ወርዶ ቀትር ላይ ከደብሩ ደረሰ። ጸሐፊው ባልየው ከማን ማሳ እንደሚገኝ በጣቱ አመለከተው። ዘርጋውም ከገብሱ አጨዳ መካከል አንድ ጠጕሩ የሸበተ፣ ከኀዘኑ የተነሣ ጢሙን ያልተላጨ ሰው አገኘ። «እንዴት ዋሉ?» አለው። «እግዚአብሔር ይመስገን። እንግዳ ነዎት፤ ከነዶው ላይ ይቀመጡ፣ ጠላም አለ» አለው ሰውየው። ዘርጋው የመጣበትን ነገር ከሥር ከመሠረቱ ነገረው። ያም ሰው እስኪጨርስ ማጭዱን እንደ ያዘ ቆሞ ሰማው፤ ከዚያም ከኪሱ በፌስታል የተጠቀለለ አሮጌ ስልክ አወጣና «ማንበብ ከቻሉ ይህን ያንብቡልኝ፤ ዲያቆኑ አንብቦልኛል፣ ግን ደግሜ ብሰማው እወዳለሁ» አለው።

ዘርጋው ስልኩን ወደ ፀሐይ አዘንብሎ ፊደሉን አንድ በአንድ እየለቀመ አነበበ፦ «ወ/ሮ ወለተ ሰንበት ወልደ ገብርኤል፣ ለአንገት ቀዶ ሕክምና ጥቅምት 29 ቀን ከጠዋቱ 2 ሰዓት በሆስፒታሉ ይገኙ።» ዛሬ ኅዳር አምስት ነው፤ የተባለው ቀን ካለፈ ስድስት ቀን ሆኖታል። ያን ጊዜ ነገሩ ሁሉ ተገለጠለት፤ ቁም ሣጥኖቹ ሁለቱን ሴቶች አንድ ባደረጉ ጊዜ፣ ግራ እጃቸው ሕያዊቷን ሲገድል ቀኝ እጃቸው የሕያዊቷን ተራ በቀብሩ መዝገብ ላይ ወደ ተጻፈው ስልክ ልኮ ለሙቷ ሰጥቷታል። ወረቀት ባይኖረው ስንኳ ቀኑን አውቆ ቢሆን ተሸክሟት በሄደ፣ ከቀዳጁ ሐኪም እግር ሥር ባስተኛት ነበር፤ ሐኪም ዓይን አለውና አካሏን ያያል። «የእርሷ ነበረ» አለ ዘርጋው። ሰውየውም ማጭዱን ጣለና ከአጠገቡ ተቀመጠ። «የኔዋ የሞተችው በልብ ሕመም ነው፤ አንገቷስ እንደ መቃ ቀጥ ያለ ነበር። ሐሰት እንደ ሆነ አውቄያለሁ፣ ወንድሜ፤ ቢሆንም በሐምሌ ከተቀበረች ወዲህ ካህናቱና እኔ ካልሆንን ስሟን የጠራ አልነበረምና ደስ አለኝ። ወደ መቃብሯ ወጥቼ፦ አንቺ፣ ተነሺ፣ ለሕክምና ተጠርተሻል አልኋት። ስልኩንም እንዳይጠፋብኝ ከፀሐዩ መብራት ላይ እየሰካሁ አኖርሁት። የሰው ሕይወት ይዤ መቀመጤን ማን ነገረኝ? ይቅር በለኝ» አለው። ዘርጋውም «ይቅር ለእግዚአብሔር፤ አንተ ምን አጠፋህ? እኔም ምን አጠፋሁ?» አለ፤ ሁለቱም ተላቀሱ።

ሰውየው ጣቱን በቀለም ነክሮ ፈረመ፤ ጸሐፊውም አተመበት። ዘርጋው ወረቀቱን አጥፎ በደረቱ ካኖረ በኋላ ግን መነሣት አቃተው። ዐቀበቱን ወጥቶ ዋርካ ሜዳ እስኪገባ ይመሻል፤ ነገ ወደ ዞኑ ቢጻፍ መልሱ ሳምንት ይፈጃል፤ ነገ ደግሞ ኅዳር ስድስት ነው፣ ቀዳጆቹም በማለዳ ዕቃቸውን ጠቅልለው ይሄዳሉ። በእጁ እውነት ይዟል፣ ነገር ግን ጊዜው ያለፈበት እውነት ከሐሰት ይልቅ ከበደው። መቍጠሪያውን አውጥቶ አንድ ፍሬ ሳይቈጥር እንደ ጨበጠው «ጌታዬ፣ ምን ይዤ ልግባ? በር ላይ ትጠብቀኛለች፤ ስሟን እንዳልጠራ ትንፋሿን ፈራሁ፣ ዝም እንዳልል ቀበርኸኝ ትለኛለች» እያለ ለአምላኩ ሲናገር፣ ያ ስሙን ስንኳ ያልጠየቀው እንግዳ ሰው ይሰማው ነበርና ክንዱን ይዞ ከነዶው ላይ አነሣው፤ እንዲህም አለው፦ «ተነሥ፣ ወንድሜ፤ እኔ ስጣራ አፈር ዝም ይለኛል፣ ያንተዋ ግን በአንዲት ትንፋሽም ቢሆን አቤት ትልሃለች፤ ሂድና ከበር ላይ ሆነህ በስሟ ጥራት፤ መዝገብ ይጽፋል እንጂ አይጣራም።»